የዘጠነኛው ፎቅ ዝውውር

ሆቴሉ ውስጥ ሥራ ስጀምር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት እዚያው ዓረብ አገር፣ ነሲም በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሥራ አንድ ሰው የሚኖርበት፣ ታጥቦ የማያልቅ ቤት። ከፊሌ፣ ማለት ያስመጡኝ አሠሪዬ፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ወደ ሌላ ሥራ ላዛውር ስላቸው አልከለከሉኝም። ቦታውን ያገኘችልኝ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ዘሀራ ናት። እሷ ያን ጊዜ ዑለያ ሰፈር በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል የስድስተኛና የዘጠነኛ ፎቅ የክፍል ሠራተኞች ሱፐርቫይዘር ነበረች። የሆቴሉን ስም አልጽፍም። አብራችሁኝ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልሠራችሁ ብታውቁትም ምንም አይጨምርላችሁም።

የመጀመሪያው ቀን አክስቴ ምድር ቤት፣ የአንሶላና የፎጣ ግምጃ ቤት ውስጥ ጠበቀችኝ። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «እጅሽን አሳዪኝ» አለችና ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየች። ግራጫ ዩኒፎርም ሰጠችኝ።

«ከአሁን በኋላ እዚህ ግቢ ውስጥ አክስትሽ አይደለሁም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እንደ ሌላው ሰው ሚስ ዘሀራ።»

«አፌ እንቢ ቢለኝስ?»

«እንቢ ካለሽ ዝጊውና ሥሪ። ያላ፣ ጋሪሽን ያዥ።»

ሥራውን የተማርኩት ከእሷ ነው። በር የሚንኳኳው በጣት አጥንት ሦስት ጊዜ ነው፤ በካርድ አይንኳኳም፣ ቀለሙን ይልጠዋል። «ሃውስኪፒንግ» ተብሎ እስከ አሥር ይቆጠራል። መጀመሪያ ቆሻሻ መጣያው ይወጣል፣ ቀጥሎ አልጋው፣ አቧራው፣ መጨረሻ መታጠቢያ ቤቱ። ለአንዲት ሠራተኛ በቀን አሥራ አራት ክፍል ይደርሳታል። ጠዋት ጠዋት ሱፐርቫይዘሯ ለእያንዳንዳችን ዝርዝር ትሰጣለች፤ በእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ፊት አንድ ቃል ተጽፏል፦ ባዶ፣ ሰው ያለበት፣ የሚለቅ፣ የሚዛወር።

ከሁሉም የሚከብደው «የሚዛወር» የሚለው ነው። እንግዳው ክፍል ሲቀይር ዕቃውን የምናዛውረው እኛ ነን። ልብሱ ከነማንጠልጠያው፣ በተሰቀለበት ተራ ይወሰዳል። የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ በትሪ ላይ በነበረበት አኳኋን ይደረደራል። ጫማው እንኳ ግራና ቀኙ ሳይዛባ ነው። እንግዳው አዲሱን ክፍል ሲከፍት የድሮውን ማግኘት አለበት። አክስቴ በዚህ ላይ የራሷ ሕግ ነበራት። «ዝውውር ያለበት ቀን በዝውውሩ ጀምሪ» ትለን ነበር። «ሌላው ክፍል ይጠብቅሻል። የሚዛወረው ሰው ግን ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቅሽ።»

ሦስተኛ ዓመቴን እንደያዝኩ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንድ መንግሥት ገባ።

እየቀለድኩ አይደለም። በአንዲት ሩቅ አገር ወታደሮች ተነሥተው ቤተ መንግሥቱን ያዙ፤ ፕሬዚዳንቱ ከሚኒስትሮቻቸው ጋር አምልጠው እኛ ጋ መጡ። የአገሪቱንም ስም አልጽፍም። ዘጠነኛው ፎቅ አልበቃ ብሎ የተረፉት ስድስተኛ ላይ አረፉ። ፕሬዚዳንቱና ባለቤታቸው 901 ገቡ፣ ሳሎን ያለው ትልቁ ክፍል። ምክትላቸው ዘግይተው ስለደረሱ 614 ደረሳቸው፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ወደ ጓሮ የሚያይ።

አክስቴ ሰበሰበችንና «እንግዶች ናቸው» አለች። «ፕሬዚዳንትም ቢሆኑ እንግዳ ናቸው። ለትልቁ ክፍል ስድስት ፎጣ፣ በየቀኑ ይቀየራል። የምትሰሙትን አትስሙ። ኸላስ።»

የጎንደሯ ጽጌ፣ በአንድ ፎቅ ላይ አብራኝ የምትሠራው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እህቴ፣ ሰው አገሩን ጥሎ መጥቶ ሆቴል ውስጥ መንግሥት ይሆናል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እንግዲያማ እኔም የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነኝ እላለሁ። ማን ይከለክለኛል?»

እኔ ፖለቲካ አይገባኝም ነበር፤ አሁንም አይገባኝም። የሚገባኝ ወንበር ነው። እንግዳ ብዙ ሰው ሲያስተናግድ ትርፍ ወንበር ይጠይቃል፤ ከግምጃ ቤት ተሸክመን የምናመጣው እኛ ነን። በመጀመሪያው ወር 901 አሥራ ሁለት ወንበር ነበረው፣ ያም አልበቃ ብሎ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ከታች «ከ901 አራት ወንበር አንሥታችሁ ወደ 614 ውሰዱ» የሚል ትእዛዝ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት። የ614 ክፍል ጠባብ ስለሆነ ሰዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጡ ነበር። ለጽጌ «ትልቁ ክፍል ባዶ እያለ ለምን እዚያ ይታፈናሉ?» አልኳት። «ምናልባት የ614 ሻይ ይጣፍጥ ይሆናል» አለችኝ። ሻዩ የአንድ ወጥ ቤት ሻይ ነው። ምንም አልገባኝም።

የፕሬዚዳንቱን ባለቤት ሁላችንም ማዳም ነበር የምንላቸው። ስድሳ ዓመት የሆናቸው ይመስለኛል። የባላቸውን ሸሚዝ ከልብስ ንጽሕና ክፍል ሲመጣ እንደገና ራሳቸው ያጣጥፉት ነበር። ሲጠሩኝ በአረብኛቸው «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር አንሶላውን በእግርጌ በኩል ከፍራሹ ሥር እንዳልወትፈው ነው። «ባለቤቴ እግሩ ከታሰረ አይተኛም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የእሳቸውን አልጋ እንደዚያ ነበር የማነጥፈው።

ነገሩ የደረሰበት ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አክስቴ ግምጃ ቤት ውስጥ ዝርዝሩን ሰጠችኝ። የቸኮለች ነበረች። ሹመይሲ ሆስፒታል አንዲት የአገራችን ልጅ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው፤ ልጅቱ አረብኛ አትችልም፣ አክስቴ እኔ እቆምልሻለሁ ብላ ቃል ገብታላታለች። ሙዲሩን፣ ማለት ሥራ አስኪያጁን፣ ፈቃድ ጠይቃ ከልክሏታል። ሳይታወቅባት ደርሳ ልትመለስ ነው።

«901 ወደ 614፣ 614 ወደ 901» አለችኝ። «ሁለቱንም አንቺ ነሽ የምትሠሪው። እጅሽ አይሰብርም።»

«እሺ አክስቴ።»

«ሚስ ዘሀራ።»

«እሺ ሚስ ዘሀራ። አብሽሪ፣ ሂጂ።»

ሄደች። ሰዓት አልነገረችኝም። ወረቀቱም ላይ ሰዓት የለም። ለእሷ ግን ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ዝውውሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ነው፣ እስከዚያ እንግዶቹ እንዳይሰሙ ብለዋት ኖሯል። ይህን የሰማሁት ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው።

እኔማ በተማርኩት ሕግ በዝውውሩ ጀመርኩ። የልብስ መስቀያ ያለውን ረጅሙን ጋሪ እየገፋሁ 901 ሄጄ ሦስቴ አንኳኳሁ። ማዳም ብቻቸውን ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ሁለተኛ ፎቅ አዳራሽ ስብሰባ ወርደዋል።

«ደህና አደሩ ማዳም። ዕቃ ላነሣ ነው።»

«የምን ዕቃ?»

«የዝውውሩን።»

«የማን ዝውውር ልጄ?»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። «ወደ 614 ነው ማዳም። ስድስተኛ ፎቅ። ሳሎን የለውም፣ ግን መስኮቱ ወደ ጓሮ ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው።» የመጨረሻውን የጨመርኩት ደስ እንዲላቸው ነው።

«እዚህስ ማን ይገባል?»

የምክትሉን ስም አነበብኩላቸው።

አልጮኹም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ግርጌው ላይ የፕሮቶኮል ሹሙ፣ የእንግዶቹን ክፍልና ስብሰባ የሚያሰናዳው ሰውዬ፣ በአረንጓዴ ቀለም ፈርሟል። ፊርማውን በጣታቸው ነኩት።

«ባለቤቴ ይህን ያውቃል?» አሉኝ።

«እንግዳ ሳያውቅ ዝውውር የለም ማዳም» አልኳቸው። ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ ነው እንደዚያ ያልኩት።

ስልካቸውን አነሡ። «መድኃኒትህን ረስተሃል» አሉ። ከወዲያ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ይሰማኛል። «አይሆንም፣ በሰው አልልክም። ራስህ ና።» የውሃ ብርጭቆውና የመድኃኒቱ ባዶ ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ውጠው ነው የወረዱት። ታዲያ ማዳም ለምን እንደዚያ እንዳሉ ግራ ገባኝ። ሥራ ፈትቼ ከምቆም ብዬ ሸሚዞቹን ማውረድ ጀመርኩ።

ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ጠባቂ ጋር ሲገቡ አሥራ ሁለት ሸሚዝ ከነማንጠልጠያው በክንዴ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሸሚዞቹን አዩ፣ ቀጥለው እኔን፣ ቀጥለው ወረቀቱን። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው፤ እሳቸው ግን ደብዳቤ የሚያነቡ ያህል ቆዩበት።

«ስድስት መቶ አሥራ አራት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ጠረጴዛ አለው?»

«ትንሽ አለ ጌታዬ። ሻይ ማስቀመጫ።»

«መጻፊያስ?»

«እሱ የለውም።»

ማዳም «ለምን ነበር የጠሩህ?» አሏቸው።

«ምክክር ነው ብለውኝ ነበር።»

«አሁን አወቅህ።»

ፕሬዚዳንቱ ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ለጠባቂው «ታምሜያለሁ በላቸው» አሉት። ለእኔ ደግሞ «ሸሚዞቹን መልሻቸው ልጄ» አሉኝ። በየተራቸው መልሼ ሰቀልኳቸው። ስወጣ በሩ ከውስጥ ተቆለፈ።

ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የአስር ሶላት ድረስ አልወረዱም። ሊፍቱ እየወጣ እየወረደ ነበር፤ ሰው በኮሪደሩ ላይ ስልክ ይዞ ይራወጣል፣ አንኳኩቶ ይመለሳል። ጽጌ ከሁለተኛ ፎቅ መጥታ ያየችውን ነገረችኝ።

«እህቴ፣ ምን አድርገሽ ነው? አዳራሹ ውስጥ አበባ ተቀምጧል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ቴሌቪዥን የሚያነሡት መብራታቸውን አብርተዋል። ሙሽራው ብቻ ነው የጠፋው።»

«እኔ ዕቃ ላነሣ ነው የሄድኩት።»

«ዕቃ ላነሣ ስትዪ መንግሥት አስቀመጥሽ እኮ።»

ሳቅኩ። የሆነውን ያኔ እንኳ አላወቅኩትም። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ለምክትሉ አስረክበው እንዲፈርሙ ነበር የተጠሩት፤ እስኪቀመጡና ዙሪያቸውን እስኪከበቡ ድረስ ማንም እንዳይነግራቸው ታስቦ ነበር። የክፍሉ ዝርዝር ግን ከመፈረማቸው በፊት ተጽፎ አድሯል።

ከአስር ሶላት በኋላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ሙዲሩ ተቀምጧል፣ የፕሮቶኮል ሹሙ ቆሟል። አክስቴም ከሹመይሲ ተመልሳ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። የፕሮቶኮል ሹሙ ነው የጀመረው።

«ለእነሱ መሥራት ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ለእነማን?»

«ለ901።»

«እኔ ለሁሉም ነው የምሠራው። ለ902ም፣ ለ903ም።»

«አትቀልጂብኝ። ማን ላከሽ?»

«ዝርዝሩ።»

ሙዲሩ ወደ አክስቴ ዞረ። «ዘሀራ፣ ወረቀቱን ስትሰጫት ምን ብለሻታል?»

አክስቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነበር የምታየው። «ከዙህር በኋላ ጀምሪ ብያታለሁ» አለች።

«ሐዋ፣ ብላሻለች?» አለኝ ሙዲሩ።

እዚህ ላይ ምን ማለት እንደነበረብኝ ዛሬም ሳስበው ይዞርብኛል። አላለችኝም ብል፣ ታዲያ ሱፐርቫይዘሯ ጠዋቱን የት ነበረች ተብሎ ይጠየቃል፤ ያለ ፈቃድ ከግቢ መውጣቷ ይታወቃል፤ እሷ ትባረራለች። ብላኛለች ብል ደግሞ እያወቅኩ ምስጢር ያወጣሁ እኔ ነኝ። ወደ እሷ አየሁ። ፊቷን አላዞረችልኝም።

«አላስታውስም» አልኩ።

ሙዲሩ እጁን ዘረጋ፤ በር መክፈቻ ካርዴን አስረከብኩ። «ፖለቲካ የሚነካካ ሠራተኛ እኔ ጋ አይቆይም» አለ። «ነገ እንጨርሳለን። ኢቃማሽ ተዘግቶ በተርሂል ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ።» ተርሂል ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ መተርጎም አያስፈልግም። በፖሊስ መኪና ተወስዶ፣ አሻራ ተሰጥቶ፣ ሁለተኛ ላይመለሱ መሸኘት ነው። እናቴ ኮምቦልቻ የዓይን ሕክምና ጀምራ ነበር፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ተማሪዎች ነበሩ። ሁሉም የሚኖሩት በእኔ አሥራ አራት ክፍል ነው።

ከቢሮው ስወጣ የፕሬዚዳንቱ ጠባቂ አንድ ካርቶን ተምር ክንዴ ላይ አስቀመጠልኝ።

«የእኛ ሰው መሆንሽን አላወቅንም ነበር» አለኝ በሹክሹክታ።

«የማንም ሰው አይደለሁም ወንድሜ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለና ዓይኑን ጠቀሰኝ።

ወደ ሠራተኞች መኖሪያ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ አክስቴ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች፣ እኔ መጨረሻ ወንበር ላይ። ሌላ ቀን ጎን ለጎን ነበርን። ጽጌ ተምሩን እየበላች ወደ ፊት በአገጯ አመለከተች።

«አክስትሽ ናት ወይስ ምክትልሽ?»

«ተያት ጽጌ።»

«ብያታለሁ አለች አይደል? ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

እንዲያውም ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ምናልባት ነግራኝ ይሆን? እኔ ስለ ልጅቱ ኦፕራሲዮን ሳስብ አልፎኝ ይሆን? ግምጃ ቤቱን፣ የቆመችበትን ቦታ፣ ቦርሳዋን ሁሉ መልሼ አሰብኩ። አልነገረችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ካርዴን የተቀማሁት እኔ ወደ 901 ተጠራሁ። ለካ ሽማግሌዎች ገብተው አስማምተዋቸው፣ ፕሬዚዳንቱ ቁርሳቸውን በልተው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወርደው ፈርመዋል። አሁን ዝውውሩ ሊፈጸም ነው። ማዳም «የጀመረችው ልጅ ትጨርሰው» ብለዋል። ሙዲሩም የፕሮቶኮል ሹሙም አብረውኝ ወጡ፤ ምን እንደምናገር ሊሰሙ ይመስለኛል።

ማዳም የእጅ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፕሬዚዳንቱ መስኮቱ ጋ ቆመው የሸሚዛቸውን የእጅጌ ቁልፍ ይፈታሉ። ልብሱን ማውረድ ስጀምር የፕሮቶኮል ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማዳም፣ አንድ ነገር ብቻ። የትናንቱን የነገረችዎት ይህች ልጅ ናት?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ይቺ።»

ማዳም እንደማያውቁኝ ሆነው አዩኝ። «ይቺማ አንሶላ ነው የምትቀይረው።»

«ታዲያ ማን ነገረዎት?»

«ባለቤቴ ነዋ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ወንበሩ በየሳምንቱ እየተነሣ ሲሄድ አያይም መሰለህ?»

ሰውዬው ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞረ። እሳቸው ቁልፉን ፈትተው ጨረሱ። እኔ የኮት ማንጠልጠያ ይዤ ቆሜያለሁ።

«አውቅ ነበር» አሉ።

አለማወቃቸውን በዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነን። ማዳም ይህን ያሉት ለእኔ ይሁን ለባላቸው ክብር፣ ወይስ ለሁለታችንም፣ አላውቅም። ሙዲሩ «ኸላስ፣ እንግዲያው ነገሩ አልቋል» አለና ካርዴን ከኪሱ አውጥቶ ጋሪው ላይ አስቀመጠው። ሁለቱም ወጡ።

ዕቃውን በደንቡ አዛወርኩ። ሸሚዝ፣ ኮት፣ ጫማ፣ ትሪው። 614 ውስጥ አልጋውን ሳነጥፍ በእግርጌ በኩል አንሶላውን አልወተፍኩትም። ማዳም መስኮቱን ከፍተው ጓሮውን ተመለከቱ።

«ጸጥ ያለ ነው ያልሽኝ ይሄ ነው?»

«አዎ ማዳም።»

«እውነትሽን ነው» አሉኝ።

ምክትሉ ያን ዕለት ከሰዓት 901 ገቡ። ስድስት ፎጣ፣ አሥራ ሁለት ወንበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁሉም ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ የነገረን የለም። ከዚያ በኋላ አገራቸው ውስጥ ሌላ ወታደር ሌላውን ገለበጠ ሲባል ሰምቻለሁ። ማን ከማን እንደነበረ፣ ማን ትክክል እንደነበረ፣ ፕሬዚዳንቱ ያን ቀን ታች ቢቆዩ ኖሮ የሚለወጥ ነገር ይኖር እንደሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ይጠይቀኛል። አላውቅም። እኔ ያየሁት አንድ ሰው ሳይነገረው ክፍሉ ለሌላ ሲሰጥ ነው፤ ማዳምም ያን ከእኔ አፍ ሲሰሙ ነው።

አሁን ጋሪ ለምትገፉ እህቶቼ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ዝውውር ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ሱፐርቫይዘራችሁን ሰዓቱን ጠይቁ፣ ወረቀቱ ላይ ራሷ እንድትጽፈው አድርጉ። ቀጥሎ እንግዳው እንደሚያውቅ ጠይቁ። ሁለቱን ሳታረጋግጡ አንድ ማንጠልጠያ አታውርዱ።

አክስቴ ዘሀራ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፤ እኔም አላናገርኳትም። በሦስተኛው ሳምንት ማንም ሳይጠይቃት ወደ ሙዲሩ ቢሮ ገብታ፣ ያን ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ እንዳልነበረችና ሰዓቱን እንዳልነገረችኝ ተናገረች። እሱም ነገሩ ተዘግቷል፣ ሥራሽን ቀጥዪ አላት። እሷ ግን ከሱፐርቫይዘርነት አውርደኝ ብላ ጠየቀችው። በነጋታው ግራጫ ዩኒፎርም ለብሳ ጋሪ ወሰደች፤ ወደ ኮምቦልቻ እስክትመለስ ድረስ አራት ዓመት ስድስተኛ ፎቅ ላይ በቀን አሥራ አራት ክፍል ሠራች።